ያልተመለሱ ጥሪዎች፦ ስልክ በሁለታችሁ መሀል ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ ባለቤቴ ሥራ ቦታ የገጠማትን እየነገረችኝ ነበር። አጠገቤ ነው የተቀመጠችው። እኔ ስልኬን ይዤ "እህ... እሺ..." እያልኩ ነው። የሆነ ሰዓት ላይ ቀና ስል ዝም ብላለች። መቼ እንዳቆመች አላውቅም። "እሺ፣ ከዛስ?" አልኳት። "ተወው፣ ምንም አይደለም" አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያቺ "ተወው" ግን ለቀናት ከጆሮዬ አልወጣ አለች። መለስ ብዬ ሳስበው የመጀመሪያዋ አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሞክረናል። የተሳካልን አለ፣ ያልተሳካልንም አለ። ይህ መመሪያ ከዚያ የወጣ ነው፤ አንብቤ ያገኘሁትንም ጨምሬበታለሁ። ስልካችሁን ጣሉ አልላችሁም። ስልክ ሥራችን ነው፣ ከቤተሰብ የምንገናኝበት ነው፣ ተራርቀው የሚኖሩ ፍቅረኞችን አብሮ ያቆየም እሱ ነው። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ሲጠራችሁ ትሰማላችሁ?

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ችግሩ የት ጋ ነው?

ብዙ ሰው ሰዓት ይቆጥራል። "በቀን 5 ሰዓት ስልክ ላይ ነህ!" እየተባባለ ይጨቃጨቃል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሰዓቱ ግን ያሳስታል። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ 3 ሰዓት ስልክ ቢነካካ ግንኙነቱን ላይጎዳ ይችላል። በወሬ መሀል የምትገባ 10 ሰከንድ ግን ልትጎዳ ትችላለች።

በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥንዶችን ለዓመታት ያጠኑት ጆን ጎትማን ይህን ለመረዳት የሚጠቅም ሐሳብ አላቸው። ሰዎች አብረው ሲኖሩ ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ጥሪዎችን ይላላካሉ ይላሉ። "ደመናውን አየኸው?" ጥሪ ነው። "ዛሬ ራሴን አሞኛል" ጥሪ ነው። ረጅም ትንፋሽም ጥሪ ነው። የተጠራው ሰው ወይ ዞር ብሎ ይመልሳል፣ ወይ ሳይሰማ ያልፋል፣ ወይ ይቆጣል። ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን ተመልክተው ከ6 ዓመት በኋላ እንደገና ሲያገኟቸው፣ በትዳራቸው የቆዩት ለ86 በመቶው ጥሪ መልስ ይሰጡ የነበሩ ናቸው። የተፋቱት መልስ ይሰጡ የነበረው ለ33 በመቶው ብቻ ነው።

እነዚያ ጥንዶች ስማርት ስልክ አልነበራቸውም። ጥሪ ሳይመልሱ ማለፍ ያኔም ነበር ማለት ነው፤ በጋዜጣ፣ በቴሌቪዥን፣ በሥራ ሐሳብ። ስልክ ያመጣው ለውጥ ምክንያቱ ሁልጊዜ እጃችን ላይ መሆኑ ነው። ደግሞም ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ምን እያነበበ እንደሆነ ይታያል። ስልክ የያዘ ሰው ግን ሂሳብ እየከፈለም፣ ለእናቱ እየመለሰም፣ ቲክቶክ እያየም አቀማመጡ አንድ ነው። ያኛው ሰው መገመት ይጀምራል። የከፋው ሰው ደግሞ ደግ ነገር አይገምትም።

እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ከማኳሪ መዝገበ ቃላት ጋር ሆኖ ለዚህ ነገር ስም አወጣለት፦ "ፈቢንግ"። ሰውን ትቶ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ከተጠየቁት አዋቂዎች 46.3 በመቶው የፍቅር አጋራቸው እንዲህ እንደሚያደርጋቸው ተናግረዋል። 22.6 በመቶው ደግሞ በዚሁ ሰበብ እንደሚጋጩ ተናግረዋል። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ይህ ካለ ብቻችሁን አይደላችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የፍቅር ማነስ ምልክት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእንስሳት ላይ ባደረጓቸው ሙከራዎች ሽልማት አልፎ አልፎና ሳይታሰብ ሲመጣ እንስሳው ሽልማቱን የሚያመጣለትን ቁልፍ መጫን በቀላሉ እንደማያቆም አሳይተዋል። ስልካችንም እንደዚያ ነው። አንዴ ስትከፍቱት ምንም የለም፣ አንዴ ጥሩ ዜና አለ። ማለቂያ የሌለውን ስክሮል እ.ኤ.አ. በ2006 የፈለሰፈው አዛ ራስኪን ራሱ ኋላ ላይ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ይህን ማወቅ እርስ በርስ ከመወነጃጀል ያድናል።

እርምጃ 1፦ ለ7 ቀን ዝም ብላችሁ ተመልከቱ

በዚህ ሳምንት ምንም አትቀይሩ። ደግሞ የምትመለከቱት ራሳችሁን ነው። አጋራችሁን መቁጠር ከጀመራችሁ ነገሩ ስለላ ይሆናል።

አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ "ስክሪን ታይም" አለ። አንድሮይድ ላይ "ዲጂታል ዌልቢይንግ" ይባላል። ጠቅላላ ሰዓቱን እለፉት። ማየት ያለባችሁ በቀን ስንት ጊዜ ስልኩን እንዳነሳችሁት ነው። አይፎን ስታነሱት መጀመሪያ የትኛውን አፕ እንደከፈታችሁ ጭምር ያሳያል። ከዚያ ሁለታችሁ አብራችሁ የምትሆኑበትን ሰዓት ለይታችሁ እዩ።

ከስልኩ ቁጥር ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው ግን ወረቀት ነው። ማታ ማታ 3 ነገር ጻፉ፦ አብረን ሳለን ስልክ ያነሳሁት መቼ ነው? እሱ ወይም እሷ ያኔ ምን እያደረጉ ነበር? ያስነሳኝ ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆዩ። ድምፅ ነው? መሰልቸት ነው? ወይስ ወሬው ወደ ከባድ ነገር ሲዞር ነው? እኔ በጻፍኩት ውስጥ ያላሰብኩትን አገኘሁ። ስልኬን ቶሎ የማነሳው ስለ ገንዘብ ማውራት ስንጀምር ነበር። ስልኩ ለእኔ መሸሸጊያ ነበር። ይህን ሳላውቅ የትኛውንም አፕ ባጠፋ ኖሮ ሌላ መሸሸጊያ እፈልግ ነበር።

እርምጃ 2፦ ወሬውን በደንብ ክፈቱት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

ሰዓቱን ምረጡ። አጋራችሁ ስልክ ይዞ ሳለ አይሆንም፤ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ይከላከላል እንጂ አይሰማም። ልትተኙ ስትሉም አይሆንም። ከጭቅጭቅ ማግስትም አይሆንም። ጎን ለጎን እየተራመዳችሁ ወይም አብራችሁ ቀላል ሥራ እየሠራችሁ ብታወሩ ይቀላል።

ከራሳችሁ ጀምሩ። ወረቀታችሁን አውጡና "ይህን ሳምንት ራሴን ስመለከት ይህን አገኘሁ" በሉ። "ሁልጊዜ" እና "በጭራሽ" የሚሉትን ቃላት ተዉ። "አንተ ሁልጊዜ ስልክህ ላይ ነህ" ስትሉት እሱ ያልነበረበትን አንድ ቀን ፈልጎ ያመጣል፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

በምትኩ አንድ ቀን፣ አንድ ስሜት፣ አንድ ጥያቄ። ለምሳሌ፦ "ትናንት ስለ ወንድሜ ስነግርህ ስልክህን አየህ። ትንሽ ከፋኝ፤ ጉዳዩ የማይረባ መሰለኝ። ከሥራ ስንገባ የመጀመሪያዋን 20 ደቂቃ ስልክ ሳንይዝ ብናወራስ?" የምትጠይቁት ነገር የሚጨበጥ ይሁን። "ስልክ ቀንሺ" የሚጨበጥ አይደለም። መቼ እንደተፈጸመ ማንም አያውቅም።

"አንቺስ?" የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ይመጣልም። "እውነትህን ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ" በሉ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ወሬውን ታድነዋለች።

እርምጃ 3፦ አንድ ቦታ ወይም አንድ ሰዓት ብቻ ምረጡ

በአንድ ቀን 6 ሕግ ያወጣ ቤት በሳምንቱ ሁሉንም ያፈርሳል። እኛ አፍርሰናል። ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት አንድ ብቻ ምረጡ። ከእነዚህ ብትጀምሩ ጥሩ ነው፦ ከሥራ ገብታችሁ የምትገናኙበት የመጀመሪያው ሰዓት፣ የምግብ ጠረጴዛ፣ ወይም አልጋ። ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመክራለሁ። አጭር ነው፤ ደግሞም የማታው መንፈስ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

በዚያ ሰዓት ስልኩ ከዓይን ይራቅ። በፊቱ ደፍቶ ማስቀመጥ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉ ሰዎች ትኩረት በሚጠይቅ ፈተና ላይ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። በኋላ የተደገሙ ሙከራዎች ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰዱት። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ከ300 በላይ ሰዎችን ከወዳጆቻቸውና ከቤተሰባቸው ጋር ካፌ ውስጥ አስቀምጦ ተመልክቷል። ስልካቸው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ሰዎች በጨዋታው የተደሰቱት በትንሹም ቢሆን ያነሰ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ አይደለም። ግን አንድ ምግብ ላይ ትንሽ የሆነ ነገር በየቀኑ ለዓመታት ሲደጋገም ትንሽ አይሆንም።

"ድንገተኛ ነገር ቢመጣስ?" ለሚለው መልስ አለ። ስልኩን ዝም የሚያሰኘውን "ዱ ኖት ዲስተርብ" የሚለውን አብሩና እንዲያልፉ የምትፈልጓቸውን ሰዎች ምረጡ፦ ወላጅ፣ ልጅ፣ የታመመ ዘመድ። ደጋግሞ የሚደውልን ሰው የማሳለፍ ምርጫም አለው። አይፎን ላይ ያው ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ ዳግም ከደወለ ስልኩ ይጮኻል፤ አንድሮይድ ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ። ለቅርብ ሰዎቻችሁ "የቸኮለ ነገር ካለ ሁለቴ ደውሉ" ብላችሁ ንገሯቸው። ከዚያ በኋላ የምትሰጉበት ምክንያት ይቀንሳል።

እርምጃ 4፦ ስልኩን አለዝቡት

ይህ 15 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ብታደርጉት አብራችሁ አድርጉት።

የኖቲፊኬሽን ዝርዝሩን ክፈቱና ከሰው ያልመጣውን ሁሉ አጥፉ። የዋጋ ቅናሽ፣ "እገሌ ፖስት አድርጓል"፣ የጌም ማስታወሻ፣ ሁሉንም። በጣም የምትሳቡበትን አፕ ከመጀመሪያው ገጽ አንሱት። ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ማድረግም ይቻላል፤ ለአንዳንዱ ሰው ይሠራል፣ ለእኔ አልሠራልኝም።

እርምጃ 5፦ ስልክ ስታነሱ ተናገሩ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ይህንን እይዛለሁ። እኛን የለወጠን እሱ ነው።

አብራችሁ ሳላችሁ ስልክ ማንሳት ግድ ከሆነ 3 ነገር ተናገሩ፦ ምን እንደምታደርጉ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ወዴት እንደምትመለሱ። "ለእህቴ መልስ ልስጣት፣ ሁለት ደቂቃ። ከዛ አለቃሽ ምን እንዳለሽ ትጨርሺልኛለሽ።" በቃ። መገመት ያበቃል። ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለው። የምታደርጉት የማይረባ ከሆነ ስትናገሩት ይታወቃችኋል። "ዝም ብዬ ስክሮል ላድርግ" ብሎ ሰው ፊት መናገር ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ስልኩን ሳነሳው መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ሦስተኛዋን ክፍል አትርሱ። የተቋረጠው ወሬ የት ላይ እንደነበር አስታውሶ መመለስ ትልቅ ነገር ነው። "እና አለቃሽ ምን አለ?" ብሎ የሚመለስ ሰው "እሺ፣ ምን እያልሽ ነበር?" ከሚል ሰው ይለያል። የመጀመሪያው ሰምቷል።

ሳትሰሙ ካለፋችሁ ደግሞ አታስመስሉ። "እህ" እያሉ የሚያስመስሉት መስማት፣ በእኔ እምነት፣ ከስልኩ በላይ ይጎዳል። ተናጋሪው ተሰማሁ ብሎ ሲተማመን ቆይቶ እንዳልተሰማ ሲያውቅ በሚቀጥለው ጊዜ መናገር ይተዋል። "ይቅርታ፣ አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ" በሉ። ስልኩን አስቀምጡ፣ ዞር በሉ፣ ከዚያ ስሙ።

ጠሪውም ድርሻ አለው። አንዳንዱ ጥሪ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው። ጀርባ ሰጥቶ፣ ሌላ ክፍል ሆኖ፣ በግማሽ ድምፅ። ስልክ ባይኖርም ያልፍ ነበር። ጉዳዩ የሚከብዳችሁ ከሆነ "አሁን ልትሰማኝ ትችላለህ ወይስ ቆይተን?" ብላችሁ ጠይቁ። "ቆይተን" ከተባለም ሰዓቱን ተቀጣጠሩ።

እርምጃ 6፦ አልጋችሁን አስመልሱ

የመኝታ ሰዓት ብዙ ነገር የሚፈጠርበት ሰዓት ነው። ቀን ያልተባለ ነገር ይባላል። ይቅርታ ይጠየቃል። ሳይታሰብ ሳቅ ይመጣል። መነካካትም ብዙ ጊዜ በዕቅድ አይጀምርም፤ ባዶ እጅና ሥራ ፈት ዓይን ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ሆነው በሁለት ስክሪን ብርሃን ሲተኙ የሚቀረው ይህ ሁሉ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ማንም አልተጣላም። እንዲያው ዝም ብሎ ይቀራል። ወራት ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ መጀመር ራሱ ያሳፍራል።

እንዲህ አድርጉ። ቻርጀራችሁን ከመኝታ ክፍል አውጡት። ስልኬ አላርሜ ነው ካላችሁ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። ከመተኛታችሁ በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት ባዶ ተዉት። "አሁን እንቀራረብ" ብላችሁ ሥራ አትስጡት። ጫና ያለበት ግማሽ ሰዓት ከስልኩ የባሰ ያራርቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝምታው ይከብዳል፤ እኛ ጣሪያ እያየን ያሳለፍናቸው ቀናት አሉ። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ወሬ በራሱ መጣ።

እንቅልፋችሁም ያተርፋል። በመኝታ ሰዓት ብርሃን የሚያወጣ ስክሪን ላይ ማንበብ ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን እንደሚቀንስና እንቅልፍን እንደሚያዘገይ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በደንብ ያልተኛ ሰው ደግሞ በማግስቱ ቶሎ ይናደዳል፤ ይህን ማንኛችንም እናውቀዋለን።

የመኝታ ሰዓታችሁ የተለያየ ከሆነ፣ ቆይቶ የሚተኛው የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ አብሮ ጋደም ብሎ ቢነሳ ይረዳል።

እርምጃ 7፦ ስልኩን ለመቀራረብ ተጠቀሙበት

ተራርቃችሁ የምትውሉ ከሆነ ስልክ ጠላት አይደለም። የብዙዎቻችን ችግር ቻታችን ሁሉ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ነው። "ስትመጪ ይዘሽ ነይ"፣ "ከፍለሃል?"፣ "ደረስክ?" በቀን አንድ ጉዳይ የሌለው መልእክት ላኩ። ያያችሁትን ነገር፣ ያስታወሳችሁትን ነገር። የድምፅ መልእክት ከጽሑፍ ይሻላል፤ ድምፅ ውስጥ ሰውየው አለ።

ጭቅጭቅ ግን በቻት አይሁን። ጽሑፍ የድምፅ ቃና የለውም። "እሺ" የምትል አንዲት ቃል ስንት ዓይነት ትርጉም እንዳላት አስቡ። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2014 መልእክት መነበቡን የሚያሳዩትን ሰማያዊ ምልክቶች ካመጣ ወዲህ ደግሞ "አንብበህ ዘጋኸኝ" የሚል አዲስ ጠብ ተጨምሯል። ነገሩ ሲከር "ይህን በድምፅ እናውራው፣ ማታ" ብላችሁ ጻፉና አቁሙ። ማታ ደግሞ በእርግጥ አውሩት።

እርምጃ 8፦ የፓስዎርድ ጉዳይ

"የምትደብቂው ከሌለ ክፈቺው" የሚለውን ንግግር አልወደውም። የግል ነገር መኖርና ምስጢር መደበቅ ይለያያሉ። ጓደኛዋ ያማከረቻት ጉዳይ የጓደኛዋ ነው። ፓስዎርድ የምትለዋወጡ ከሆነ በሁለታችሁም ፈቃድ፣ ደስ ብሏችሁ ይሁን። ካልፈለጋችሁም ነውር የለበትም። ተደብቆ ስልክ መበርበር ግን ያገኛችሁትም ሆነ ያላገኛችሁት ነገር አያሳርፋችሁም። ጥርጣሬ ካለ ጥርጣሬውን አውሩት።

እዚህ ላይ በጥብቅ የምናገረው ነገር አለ። አጋራችሁ ስልካችሁን በግድ የሚያስከፍት፣ ያላችሁበትን ቦታ በድብቅ የሚከታተል፣ ከማን ጋር እንደምታወሩ የሚወስን ወይም የሚያስፈራራ ከሆነ ይህ የስልክ ችግር አይደለም። ቁጥጥር ነው። የዚህ መመሪያ ሕጎች ለእሱ ተጨማሪ መሣሪያ ይሆናሉ። ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ በዚህ ሙያ የሚሠራ ሰው አማክሩ። የምትናገሩትም እሱ በማይደርስበት ስልክ ይሁን።

ሌላም አለ። አንዳንድ ሰው ስልክ ውስጥ የሚገባው ሌላው ነገር ስለከበደው ነው። ሐዘን፣ ድብርት፣ የሥራ መሰልቸት፣ ሌሊቱን የሚያነቃ ሕፃን። እንዲህ ያለውን ሰው ስልኩን ብትቀሙት የሚያርፍበትን ብቻ ነው የቀማችሁት። "ሰሞኑን ምን ከበደህ?" ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

እርምጃ 9፦ በ4ኛው ሳምንት ተቀመጡ

ሕጉ ይፈርሳል። አንድ ሥራ የሚበዛበት ሳምንት ይመጣና ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ይገኛል። አትወነጃጀሉ። የቀድሞውን ሰዓት ይዛችሁ እንደገና ጀምሩ።

4 ሳምንት ሲሞላ ተቀመጡና አንዳችሁ ሌላችሁን ይህን ጠይቁ፦ "በዚህ ወር አልተሰማሁም ያልሽው መቼ ነው? ተሰማሁ ያልሽውስ?" መልሱ ሲነገር ዝም ብላችሁ ስሙ። ምክንያት አትደርድሩ። ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት፤ ምን እንደሠራላችሁ የምታውቁት በእሱ ነው። ከዚያ ሁለተኛ ሰዓት ወይም ሁለተኛ ቦታ መጨመር ከፈለጋችሁ ጨምሩ። ካልፈለጋችሁ ባላችሁት ቀጥሉ።

እኛ ቤት ከዚህ ሁሉ የቀረ አንድ ደንብ አለ። የትም ወረቀት ላይ አልጻፍነውም። ከሁለታችን አንዱ "ተወው፣ ምንም አይደለም" ካለ ሌላው ስልኩን ሌላ ክፍል ያደርስና ተመልሶ ይቀመጣል። "አልተወውም፣ ንገሪኝ" ይላል። አንዳንዴ እውነትም ምንም አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ ነገር አለው።